አማቴና የአሸዋው ከረጢት

ሮቤ ያን ጊዜ የገበያ ሜዳ፣ ጥቂት ጎጆና ብዙ ጭቃ ነበረች። እኛም ከሰሜን መጥተን ከሰፈርን ገና ብዙ አልቆየንም። አጋርፋ ጨው ሸጬ ስመለስ ቆቅ ከሣር ውስጥ ቡር ብሎ ተነሣ፤ በቅሎዬ ደንብራ ጣለችኝና ጭኔ ተሰበረ። ወጌሻው ዳብሶ ዳብሶ፣ "ክንድ ቢሆን እችለው ነበር፤ ጭንን ግን ጎባ ያለው ሐኪም ይየው" አለ። ሰው እጁ የገባ ሥራ ሲመልስ ነገሩ የከፋ መሆኑን ነጋዴ ያውቃል። በቃሬዛ ተወሰድኩ።

ሐኪሙ ፈረንጅ ነው። ከጉልበቴ በታች ባለው አጥንት ብረት አሳልፎ፣ በብረቱ ገመድ አስሮ፣ ከአልጋዬ ግርጌ አሸዋ የሞላ ከረጢት አንጠለጠለ። የሐኪሙ ረዳት፣ ድሬሰሩ፣ አስረዳኝ፦

"የተሰበረው አጥንትህ ተደራርቧል። አሸዋው ጎትቶ ያስተካክለዋል። ያኔ ሐኪሙ ጭንህን ከፍቶ በመቅኔው መሐል ረጅም ብረት ያስገባበታል። ገመዱ ከረገበ ግን እግርህ አጥሮ መቅረቱ ነው።"

አንካሳ ነጋዴ፣ በዚያ ጭቃ! ገበያ የሚደርሰው ሰው ሲበተን ነው።

ሊያስታምሙኝ የመጡት አማቴ ናቸው። ከረጢቱን ሲያዩ፣ "እኔን! ምን በድሎ ነው እንዲህ የሚያንገላቱት?" አሉ። ድሬሰሩ ዘወር ሲል በርጩማቸውን ከከረጢቱ ሥር አስገቡና "ትንሽ ይረፍ" አሉ። ገመዱ ረገበ። ሐኪሙ መጥቶ ሁለቱን እግሮቼን ለካ፤ ራሱን ነቀነቀና አሸዋ አስጨመረ። አሸዋው ሲጨመር የአማቴም ርኅራኄ አብሮ ጨመረ፤ በርጩማው ላይ ትራስ ደረቡበት።

አማትን "ይተዉ" ማለት በእኛ ወግ የለም። እንኳን መቆጣት፣ ፊታቸው ቆሎ መቆርጠምም ነውር ነው። የገበያ ሰው ግን በደጅ ያልገባውን በጓሮ ያስገባል።

"እሜቴ፣ አንድ ሰው ይህን አሸዋ እየደገፈ እንዳልድን አድርጎኛል" አልኳቸው።

"ማነው እሱ ደፋር?" በርጩማውን በእግራቸው ቀስ አድርገው ወደ አልጋው ሥር ገፉት።

"አላወቅሁትም። እንዲህ ከቀጠለ ግን ልጅዎ አንካሳ ታቅፋ መቅረቷ ነው። እርስዎ ቢጠብቁልኝ…"

"አይ የሰው ክፋት!" አሉ፣ እንደ ሕፃን ንጹሕ ሆነው።

ከዚያ ወዲያ ዝንብ አላሳረፉበትም። ሊጠይቀኝ የመጣ ቅቤ ነጋዴ ወዳጄ "አብሽር፣ አብሽር!" እያለ ሲጠጋ፣ "እዚያው ሆነህ አብሽር በል!" ብለው በዱላቸው መለሱት። ሐኪሙ እንደገና ሲለካኝ ፈገግ አለ፤ አጥንቱ ወርዶ ተስተካክሏል። ለቀዶ ጥገና ሊወስዱኝ ድሬሰሩ ገመዱን ሊፈታ ቢል፣ አማቴ ከረጢቱን ጥምጥም ብለው አቀፉት።

"እኔ ቆሜ አይሆንም!"

ሐኪሙ ራሱ መጥቶ በምልክት ቢለምናቸው ነው የለቀቁት። እኔን ሕመሙና ሳቁ አንድ ላይ ያዙኝ።

ስነቃ ጭኔ ተሰፍቷል። አማቴ ብርድ ልብሱን ከግርጌ ገልጠው፣ ሁለቱን ተረከዞቼን ገጥመው፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ያያሉ።

"እኩል ነው" አሉት ድሬሰሩን። "እኔ ባልጠብቀው ኖሮ ግን ጉዱ ነበር።"

"እግዜር ይስጥልኝ፣ እሜቴ" አልኩ። ሌላ ምን ይባላል?