ገደል የገባው የእድር ቤት ቁልፍ

የእድራችንን ቤት ቁልፍ ገደል የከተትኩት ጆሮዬን ስኮረኩር ነው። ሌላ ሰው ቢሆን «ሌባ ቀማኝ» ብሎ ያሳምረው ነበር። እኔ ስሜን ተራራ፣ ቡይት ራስ ዘመድ ልጠይቅ ሄጄ፣ ከአፋፉ ላይ ተቀምጬ ጭላዳ ዝንጀሮ እያየሁ፣ ያንን ከጣቴ የሚረዝም ቁልፍ ጆሮዬ ውስጥ ሳሽከረክር አስነጠሰኝ። ቁልፉ ከእጄ አምልጦ ሁለት ጊዜ ድንጋይ ላይ ቅጭል አለና ጉሙ ዋጠው። አንድ ትልቅ ወንድ ጭላዳ ዘወር ብሎ ከንፈሩን ገልብጦ ጥርሱን አሳየኝ። አልፈረድኩበትም።

በዚያ ቤት የሰፈሩ ሁሉ ድንኳን፣ ድስትና አግዳሚ ወንበር አለ። ሰው ሲሞት ጡሩምባ ይነፋል፣ ቁልፍ ያዡ እኔም ሮጬ እከፍታለሁ። በሩ ከፈረሰ የጣልያን ቤት የመጣ ወፍራም ሳንቃ ነው፤ መዝጊያው ከሳንቃው ውስጥ የተቀበረ፣ ቁልፉም አንድ ብቻ። አምና አባላቱ «ይህን አሮጌ ነቅለን አዲስ ጓጉንቸር እንግዛ» ሲሉ፣ ተነስቼ ግማሽ ሰዓት ሙሉ ተናግሬያለሁ፤ «ይህን የሚከፍት ሌባ ገና አልተወለደም!» እያልኩ። እውነቴን ነበር። እኔም ልከፍተው አልቻልኩም።

ወሩ ሐምሌ፣ ሰማዩ እንደ ወንፊት። ያለ ድንኳን ለቅሶ አይታሰብም። ለእድሩ ዳኛ እንዳልናዘዝ ያ ንግግሬ አፌን ያዘው። ስለዚህ አንድ መላ መታሁ፦ ቁልፉ እስኪሠራ ሰው እንዳይሞት መጠበቅ።

እዚሁ ደባርቅ መናኸሪያው አጠገብ በሞተር ቁልፍ ወደሚቀርጸው ሰውዬ ሄድኩ።

«አባባ፣ ናሙና ያምጡ።»

«ናሙናው ገደል ነው ያለው።»

«እንግዲያስ ጭላዳዎቹን ይላኳቸዋ!»

ሰኞ ዳባት ወረድኩ፣ ማረሻና ማጭድ ወደሚሠራ አንድ ባለእጅ። እሱ አልሳቀም። የበሩን ነገር አንድ በአንድ ጠየቀኝና፣ «ቅዳሜ ደባርቅ ገበያ እወጣለሁ፤ ያኔ ያሳዩኝ። እስከዚያ ሰው አይሙትብዎ» አለኝ።

«አምስት ቀን ነው እኮ!»

«እግዜርን ይለምኑታ።»

ለመንኩት። በእግሬም ዞርኩ። አስም ላለባት አሮጊት ነጭ ሽንኩርት ከማር ወሰድኩ። ጣሪያ ላይ ወጥቶ ቆርቆሮ የሚመታውን ጎረቤት «ውረድ፣ ክረምቱ ሲወጣ ትሠራዋለህ!» ብዬ ጮህኩበት። ሰፈሩ «ሰውየው ንስሐ ገባ» አለ። ባለቤቴ እንኳ አተኩራ አየችኝና፣ «እንዲህ ደግ የሆንከው ልትሞትብኝ ነው እንዴ?» አለችኝ።

ያስጨነቀኝ ግን ከእኛ ሦስት ቤት አልፎ የሚኖረው አብሮ አደጌ ነው። ስድስት ወር ከአልጋ አልወረደም። በቀን ሦስቴ እየሄድኩ አተነፋፈሱን እቆጥራለሁ፣ እግሩን አሻለሁ። ረቡዕ ከሰዓት ዓይኑን ገለጠ።

«አንተ! ዕድሜህን ሙሉ ስታሾፍብኝ ኖረህ፣ ዛሬ እግሬን የምታሸው ምን አጥፍተህ ነው?»

ነገርኩት። ሳቀ። ሳቁ ሳል ሆነ፣ ሳሉም አልቆም አለ። በገዛ አፌ ገደልኩት ብዬ ደግፌ አቀናሁት። ሴት ልጁ ሮጣ ስትገባ በእጁ ምልክት መለሳት።

«በየትኛው ጆሮህ?» አለኝ ትንፋሹ ሲመለስ።

«በግራው።»

«ቅዳሜ ነው ያልከው?»

«ቅዳሜ።»

«እኔ ዝናብ ላይ የሚለቀስልኝ ሰው አይደለሁም። እጠብቅሃለሁ። አንተ ግን እንደ ልማድህ እንዳታረፍድ።»

ቅዳሜ ረፋዱ አለፈ፣ ባለእጁ የለም። መንገዱ ላይ ናዳ ወርዶ ኖሮ፣ ስምንት ሰዓት ላይ በስብሶ ደረሰ። ጥርስ ያልወጣለት ቁልፍ ከኪሱ አወጣ። በጧፍ ጥላሸት አጥቁሮት መዝጊያው ውስጥ ከተተው፣ በቀስታ ገፍቶ አወጣው። ጥላሸቱ የተፋቀበትን ቦታ በሞረድ ይበላል፣ እንደገና ያጠቁራል፣ እንደገና ይከታል። እኔ ጃንጥላና ጧፍ ይዣለሁ።

«አይተንፍሱበት፣ ያጠፉታል።»

«እየተነፈስኩ አይደለም፣ እየጸለይኩ ነው።»

በሦስተኛው ሙከራ ቁልፉ ግማሽ ዞረና ተቸነከረ። ያኔ ከታች ዋይታ ተሰማ። የአብሮ አደጌ ሴት ልጅ ድምፅ ነበር። ጧፉን አጠጋሁ። ባለእጁ ቀና እንኳ አላለም፤ ሞረዱ ብቻ ፈጠነ። ጡሩምባው ተነፋ። በጭቃው የሚመጣ የብዙ ሰው እግር ሰማሁ። ቁልፉ ለአራተኛ ጊዜ ገባ፣ ዞረ፣ «ቋ» አለ፣ በሩም ወደ ውስጥ ሄደ።

የእድሩ ዳኛ ደርሶ በሩን አየ፣ ጥላሸት የለበሰውን ባለእጅ አየ፣ ከዚያ እኔን።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«አዲስ ቁልፍ።»

«የዱሮውስ?»

መዋሸት እችል ነበር፤ በሩ ተከፍቷል። እስከ ቅዳሜ የጠበቀኝን አብሮ አደጌን ግን አስቤ፣ «ገደል ገባ። ጆሮዬን ስኮረኩር» አልኩ።

ማንም አልሳቀም። ዳኛው፣ «ንግግርህ ትዝ ይለኛል፤ ከሠልስቱ በኋላ እንነጋገራለን። አሁን ምሰሶውን አንሳ» አለኝ።

ከባዱን አነሳሁ። ድንኳኑ ቆሞ ዝናቡ ሸራውን ሲደበድበው፣ ከሥሩ ሆኜ ሳለቅስ የሟቹ ሴት ልጅ መጣች።

«ጋሼ፣ ከጠዋት ጀምሮ ‹ባለእጁ መጣ ወይ?› እያለ ሲጠይቀኝ ነበር። ምን ማለቱ ነው?»

«መጥቷል» አልኳት።