የጭስ መርማሪው አውራ ጣት

አብዱልጀሊል ሰው የሚንቀው በሁለት ነገር ነው፦ አንድም ፓምፕ ሳይከፍት «ደኅና ናት» ሲል፣ አንድም ያንኑ ወረቀት ላይ ሲፈርም። በዚህ ሚዛን፣ መርሳ ዳር ባለችው የሳሙና ፋብሪካ የቴክኒክ ኃላፊ የነበሩት አቶ ዳምጠው ሁለት ጊዜ የተናቁ ሰው ነበሩ።

አብዱልጀሊል እዚያው አጠገብ ያለችው የግራና ከተማ ልጅ ነው፤ ሃምሳን ተሻግሯል። ሥራው የቦይለሩ ጭስ ማውጫ ውስጥ ቀጭን ቱቦ ሰክቶ ጭሱን መለካት ነው። መለኪያው የጫማ ካርቶን ያህላል፤ በሆዱ ጭሱን የምትስብ፣ ጭብጥ የማትሞላ ፓምፕ አለች። ፓምፗ የምትተነፍሰው በአንዲት ስስ ጎማ ነው፤ እሱ «ሳንባዋ» ይላል። ሳንባዋ ከተቀደደ ታጉረመርማለች እንጂ ጭስ አትስብም። የሜዳውን አየር ትቀላውጥና ኦክስጅን «20.9» ብላ ቁጭ! ይህ እንግዲህ ማንም ፍጡር የሚተነፍሰው ንጹሕ አየር ነው።

ከላይ ጥቁር ጭስ እየተግተለተለ፣ አቶ ዳምጠው ቁጥሩን አይተው ፈነደቁ።

«አየህ አብዱልጀሊል? ጭሳችን ከውርጌሳ ነፋስ አያንስም!»

«ሳንባዋ ተቀዶ ነው፣ አቶ ዳምጠው። አውራ ጣትዎን አፏ ላይ ያድርጉ፤ ስባ አትይዝዎትም።»

«እጄን ለጥቀርሻ አልሰጥም። ደግሞ ትጮኽ የለ እንዴ?»

«ጩኸትማ አህያም አለው» አለ አብዱልጀሊል፣ ለጢሙ።

አቶ ዳምጠው ጎማ ግዙ ሲባሉ ቀለም ገዙ። ሣጥኗን ብርማ አስቀቧት። ለዕውር ኩል!

በነሐሴ 2013 ጦርነቱ መርሳ ሲደርስ ግን ሰውየው ለመጀመሪያ ጊዜ ፈጣን ሆኑ። የፋብሪካውን ፒካፕ አስነሥተው ወደ ደሴ ሲፈተለኩ፣ በመስኮት «መሣሪያዋን አደራ!» ብለው ጮኹ። አብዱልጀሊል በዝናብ ተሸክሟት ቤቱ ገባ።

በሦስተኛው ቀን ታጣቂዎች ቤት ለቤት ሲፈትሹ ያቺን የምታብረቀርቅ ሣጥን አገኙ። መታወቂያውንም ከኪሱ አወጡ። ዝናብ «የጭስ» የሚለውን ቃል አጥቦት፣ የቀረው «መርማሪ» ብቻ ነበር።

አለቃቸው ዓይኑ ጠበበ። «መርማሪ? ስንቱን ገርፈሃል?»

«እኔ የምመረምረው ጭስ ነው።»

«ጭስ ታዲያ ምን ብሎ ያምናል?»

ታጣቂዎቹ በሳቅ ፈረሱ። አለቃው አልሳቀም። ደጅ የቆመውን አይሱዙ አስነሣ። «የዚህን ጭስ መርምርልኝ። ካልቻልክ አንተን እንዴት እንደምንመረምር እናሳይሃለን።»

አብዱልጀሊል ሣጥኗን ከባጃጅ ባትሪ ጋር አገናኝቶ ቱቦውን ጭስ ማውጫው ውስጥ ከተተ። 20.9። ሾፌሩ ነዳጅ ረገጠ፤ ጭሱ ግቢውን አጠቆረው። 20.9!

«ይቺ ካንተ ብሳ ትዋሻለች» አለ አለቃው።

አብዱልጀሊል ሞት ፊቱ ቆሞ እንኳ ከፍርሃቱ ንቀቱ በለጠበት። «ያ አላህ! በዳምጠው ቁጥር ልሙት?» ከዚያ «እስከ ከሰዓት በኋላው የአስር ሰላት ጊዜ ስጡኝ፤ ታማ ነው» ብሎ ለመነ። አለቃው ሰዓቱን አይቶ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ።

«ሀስና! የብስክሌቴን የውስጥ ጎማ አምጪልኝ!»

ሚስቱ ከበሩ ላይ «ብስክሌቱን እኮ ለመሸሻህ ነው ያስቀመጥኩት!» አለች።

«ለፓምፗ ሳንባ ቸግሮኝ ነው።»

«ያንተኑ ስጣታ! እሱም ሊወጣ ምን ቀረው?» አለች እያለቀሰች፤ ጎማውን ከምላጭ ጋር አመጣች።

አራቱን ብሎን ፈታ። በሽርጡ ጫፍ እርጥብ ጥቀርሻውን ጠረገ፤ የተቀደደውን ሳንባ በጎማው ላይ አስተኝቶ ልኩን ቆረጠ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። ገጥሞ አስነሣትና አውራ ጣቱን አፏ ላይ አደረገ። እንደ ጥጃ ጠባችው!

ቱቦውን ወደ አይሱዙው መለሰ። 20... 19... 17።

«ይኸው አመነ!» አለ አብዱልጀሊል።

አለቃው ጠጋ ብሎ አውራ ጣቱን ሰጣት። ሳበችው። እጁን መንጭቆ ሳቀ። «እውነትም መርማሪ ናት፤ ትይዛለች!» መታወቂያውን ወረወረለትና ሰዎቹን ይዞ ወጣ።

አቶ ዳምጠው በጥር፣ አገር ሲረጋጋ፣ በዚያው ፒካፕ ወፍረው መጡ። ቦይለሩ ተቀጣጠለ፤ ቁጥሩ ስምንት አለ።

«ምነው፣ አበላሸሃት! ድሮ 20.9 ነበረች እኮ!» ሣጥኗን ከፍተው ሲያዩ ደግሞ ባሰባቸው። «የብስክሌት ጎማ? ኦሪጅናል ያልሆነ? ማን ፈቀደልህ?»

አብዱልጀሊል የፓምፗን አፍ ወደሳቸው አዞረ። «ሊገድለኝ የመጣው ሰው እንኳ አውራ ጣቱን ሰጥቷታል፣ አቶ ዳምጠው። እርስዎስ?»

አቶ ዳምጠው ሁለቱንም እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ።