ቃል ለዋጩ መምህር እንየው

መምህር እንየው ዐረፉ። በእኛ አገር መርዶ በስልክ አይነገርምና ቢቸና ያለችው ጎረቤታቸው ደውላ «መምህር ትንሽ ደከም ብለዋል፤ ብትመጪ ጥሩ ነው» ብቻ ነው ያለችኝ። «ደከም ብለዋል» ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ ማን አለ? ሱቄን ላጠገቤ ነጋዴ አደራ ብዬ ከሞጣ ተሳፈርሁ። እስከ ግንደወይን ድረስ ራሴን እያታለልሁ ሄድሁ። ደብረ ወርቅ ስንደርስ ከመምህር ቤት የሚያውቁኝ አንድ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ገቡና «አንቺም ለመምህሩ ቀብር ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ከዚያ በኋላ እስከ ቢቸና ያለውን መንገድ አላስታውሰውም።

ይኸው ከቀብሩ ወዲህ መቀመጥ አቅቶኛል። ይህን ጽሑፍ እንኳ የምጽፈው ባንኮኒው ላይ ቆሜ ነው። አንድ መስመር እጽፋለሁ፣ ወጥቼ በረንዳው ላይ እንጎራደዳለሁ፣ ተመልሼ እገባለሁ። ደንበኛ ሲመጣ «ቆይ» እላለሁ፤ እንዲህ ያለ ነጋዴም አይታችሁ አታውቁም። ለማታውቁኝ፣ ዘሀራ እባላለሁ፤ ሞጣ ገበያ ጨርቅ እሸጣለሁ፤ የመምህር እንየው ተማሪ ነበርሁ። ስለ እሳቸው ግማሹን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። የመጨረሻውን ግን የምናውቀው እኔና ባለቤታቸው እትዬ የዝና ብቻ ነን። እሱን ሳልናገር የማርፍ አይመስለኝም።

መምህር ሞጣ ላይ ብዙ ዘመን አማርኛ አስተማሩ፤ ጡረታ ሲወጡ ወደ ባለቤታቸው አገር ወደ ቢቸና ገቡ። ማስተማሩ ግን እንጀራቸው ነበር እንጂ ሥራቸው ቃል መቃረም ነበር። አዝመራ ከተሰበሰበ በኋላ ማሳ ላይ የቀረውን ዛላ ሰው ጎንበስ ብሎ እንደሚቃርመው፣ እሳቸውም አገር የረሳውን ቃል እየለቀሙ ኖሩ። አዲስ ቃል የሰሙ ዕለት አይጣል ነው። ከተቀመጡበት ብድግ ይላሉ፣ ባርኔጣቸውን ያወልቃሉ፣ ወዲህ ወዲያ እየተንጎራደዱ ቃሏን በለሆሳስ ይደጋግሟታል። ምሳ ቢቀርብ አይበሉም። ስልክ ከመጣ ወዲያማ ሰላምታም ቀረ። እኛ «ልጆች ደኅና? ገበያው ደኅና? ጤናሽ እንዴት ነው?» ሳንባባል ወደ ጉዳይ የማንገባ ሰዎች ነን። እሳቸው ግን ስልኩን እንዳነሣሁት «ዘሀራ፣ ሰማሽ? ቆፈን» ይላሉ። ብርድ ጣትን ሲያደነዝዘው፣ ለዚያ ብቻ የተሠራ ቃል መኖሩ ያስፈነድቃቸው ነበር። «እስቲ አስቢው፤ አንድ ሰው አንድ ጠዋት ማረሻውን መጨበጥ ሲያቅተው ይኼን ቃል አወጣለት። ያንን ሰው ባገኘው እግሩን እስመው ነበር» አሉኝ አንድ ቀን።

ክፍል ውስጥ አንድ ሕግ ነበራቸው። ከአባቱ ሥራ ወይም ከአያቱ አፍ፣ ሌሎቹ ተማሪዎች የማያውቁትን ቃል ያመጣ ተማሪ የመምህሩን ወንበር ይወርሳል፤ መምህሩ ደግሞ ሄደው በተማሪው ቦታ ይቀመጣሉ። የገበሬ ልጆች መከራችንን ያበሉን ነበር። ላይዳ ነው፣ መንሽ ነው፣ ግርድ ነው፣ ከአውድማ የሚመጣው ቃል አያልቅባቸውም። እኛ የነጋዴ ልጆች አፍረን እንቀመጣለን። አንድ ቀን ተናድጄ እጄን አወጣሁና «ጣቃ» አልሁ። የገበሬ ልጆች እርስ በርሳቸው ተያዩ። «ጣቃ ምንድን ነው?» አሉኝ፣ እያወቁ። አባቴ ሱቅ ውስጥ ሳይቆረጥ ከነጥቅሉ ያለው ጨርቅ መሆኑን ነገርኋቸው። ወዲያው ባርኔጣቸውን አወለቁና ወንበሩን ለቀቁልኝ። እሳቸው እኔ ቦታ፣ በሁለት ሴት ልጆች መካከል፣ ጉልበታቸው አገጫቸውን ሊነካ ምንም እስኪቀረው ተኮራምተው ተቀመጡ። የአባቴ ሱቅም የራሱ ቃል እንዳለው ያወቅሁት ያን ዕለት ነው። ዛሬ ጨርቅ ነጋዴ ነኝ ስል አንገቴን የማልደፋው በእሳቸው ነው።

«ቃል አይለመንም፤ ይለወጣል» ይሉ ነበር። ሲቀበሉ ይሰጣሉ። የሞጣዋ ሸክላ ሻጭ አንዲት ቃል ከነገረቻቸው፣ እሳቸው ደግሞ ከቢቸና ያመጧትን ያቀብሏታል፤ «በይ እንዳትጥያት፤ በየቀኑ ተናገሪባት» ብለው ያስጠነቅቋታል። የእሷን ደግሞ ተሸክመው ቢቸና ገበያ ያራግፏታል። አይጽፉም፤ ወረቀት ላይ ያደረ ቃል ይሻግታል የሚል እምነት ነበራቸው። ታዲያ የሆነውን ታስታውሳላችሁ። አንድ ጎበዝ ተመራማሪ የትኛው ቃል የየትኛው ወረዳ እንደሆነ ሊያጠና ከከተማ መጣ። ምስኪን። ቢቸና ብቻ ይነገራል ያለውን ሞጣ ያገኘዋል፣ የሞጣውን ደብረ ወርቅ ያገኘዋል። በመጨረሻ «ይኼን ከማን ሰሙት?» ማለት ጀመረ፤ መልሱም በየደረሰበት «ከመምህር እንየው» ሆነ። እቤታቸው ሄዶ «ጋሼ፣ ሥራዬን አበላሹብኝ» ቢላቸው ስቀው ስቀው አልጋው ላይ ወደቁ። ልጁ እውነት ነበረው፤ ገበያውን ሁሉ ደባልቀውበታል። በኋላ አዘኑለትና ምሳ አብልተው፣ ለመንገዱ የሚሆን ቃል ሸልመው ሸኙት።

አንዳንዴ ያሳፍሩንም ነበር፣ አልዋሽም። አንድ ለቅሶ ላይ ባሏ የሞተባት ሴት «ቅስሜን ሰበርከው» እያለች ስታለቅስ ጠጋ ብለው «ቅስም ምንድን ነው፣ ልጄ?» አሏት። ለቀስተኛው አንገቱን ደፋ። አንዱ ጎትቶ ሊያስወጣቸው ተነሣ። ሴትየዋ ግን እንባዋን ጠረገች። «እኔ እንጃ፣ ጋሼ። ሲሰበር ነው ያወቅሁት» አለቻቸው። ይኼን ጊዜ አጠገቧ ቁጭ ብለው አብረዋት አለቀሱ። ያቺ ሴት ማሳዋን የሚያርስላት ባጣች ጊዜም፣ በሬ ያላቸውን ዘመዶቻቸውን እየለመኑ ያሳርሱላት የነበሩት እሳቸው ናቸው።

አሁን ወደ እትዬ የዝና ልምጣ። እትዬ ቀጥ ያሉ የቢቸና ሴት ናቸው፤ ለቀልድ ጊዜ የላቸውም። መምህር አዲሷን ቃል መጀመሪያ የሚሞክሯት በእሳቸው ላይ ነበር። በብርድ ጊዜ «አንቺ ቆፈን» ይሏቸዋል። ፍቅራቸው ሲመጣ በጣፋጩ አገዳ ስም «አንቺ ጥንቅሽ»፣ ሲኮራረፉ በደረቅ አፈር ስም «አንቺ ጓል» ይሏቸዋል። በስማቸው ግን ጠርተዋቸው አያውቁም። እትዬ «እናቴ ያወጣችልኝ ስም አለኝ። ምናለ አንድ ቀን እንኳ እንደ ሰው ብትጠራኝ» ይላሉ። መምህር ደግሞ ስምሽንማ አገር ሁሉ ይጠራዋል፣ ምን አዲስ ነገር አለው እያሉ ያበሽቋቸዋል። እኛ እንስቃለን። እትዬ ግን አይስቁም ነበር።

ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ መምህር ታመሙ። አንድ ማለዳ ቀኝ ጎናቸው ከዳቸው፤ አንደበታቸውም ተያዘ። ሐኪሞቹ ስትሮክ ነው ብለው መድኃኒት ሰጥተው ወደ ቤት መለሷቸው። እግራቸው ውሎ አድሮ በምርኩዝ መራመድ ጀመረ። ቃሎቻቸው ግን አልተመለሱም። ዘመን ሙሉ የተቃረመው ያ ሁሉ ቃል እልም አለ። አፋቸው ላይ የቀረችው አንዲት ቃል ብቻ ናት፤ እሷም «የዝና» ናት።

የመጀመሪያው ዕለት እትዬ እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸውም። ደውለው «ዘሀራ፣ በስሜ ጠራኝ» ብለውኝ አለቀሱ። ስደርስ ግን ነገሩ ሌላ ሆኖ አገኘሁት። ውሃ ሲጠማቸው «የዝና» ይላሉ። በሩ እንዲዘጋላቸው ሲፈልጉም፣ ትራሱ ሲቆረቁራቸውም፣ ዝናብ ሲመጣም፣ ውሻ ሲጮኽም ያው ነው። ደግሞ አርፈው አይቀመጡም። ግቢውን በምርኩዝ ይዞሩታል፤ በግራ እጃቸው ወደ አንዱ ነገር ይጠቁማሉ፤ አፋቸውን ያዘጋጃሉ፤ ያቺው ትወጣለች። ያኔ ተናደው ምርኩዛቸውን ይወረውሩታል። አንሥቶ መስጠት የእትዬ ሥራ ሆነ።

ሰዉም ዝም አላለም። ቃል የተለዋወጧቸው ሁሉ ከሞጣም ከደብረ ወርቅም የእሳቸውን ሊመልሱላቸው መጡ። ሸክላ ሻጯ አልጋቸው አጠገብ ተቀምጣ እንደ ዳዊት ደጋገመችላቸው። እሳቸው በጉጉት ያዳምጣሉ፣ ዓይናቸው ይበራል፣ በደኅናው እጃቸው ባርኔጣቸውን ያወልቃሉ። ደስታው አልጠፋባቸውም ነበር። ሊደግሟት ሲሞክሩ ግን የምትወጣው ያቺው ናት። ሸክላ ሻጯ አፏን በነጠላዋ ይዛ ወጣች።

አንድ ቀን እትዬ ወደ ጓዳ ጠሩኝ። «ዘሀራ፣ እውነቱን ንገሪኝ። እኔን ነው የሚጠራው ወይስ ውሃውን? ስሜን ስጠብቅ ኖሬ ኖሬ፣ አሁን ስሜ የትራስም የውሻም ስም ሆነ» አሉኝ። «እርስዎን ነው እንጂ» አልሁ። ዝም ብለሽ ልታጽናኚኝ ነው አሉኝ። ከዚያ ወዲያ እትዬ በተጠሩ ቁጥር እኔ ፊታቸውን አያለሁ። ይነሣሉ፣ ግማሽ መንገድ ይሄዳሉ፣ ይቆማሉ። ወደ ሞጣ ስመለስም ያ አቋቋማቸው ከዓይኔ አይጠፋም። ሳምንት ሳይሞላ ተመልሼ እሳፈራለሁ፤ የሚኒባሱ ሾፌር ቤትሽ የት ነው እያለ እስኪቀልድብኝ ድረስ።

በኅዳር፣ ለጽዮን ማርያም በዓል፣ እትዬ ደብረ ወርቅ ማርያምን ሊሳለሙ ማለዳ ሄዱ። መምህርን የምጠብቅ እኔ ሆንሁ። በር ድረስ በዓይናቸው ሸኟቸውና ዝም አሉ። ውሃ ሲጠማቸው ብርጭቆውን በጣታቸው አሳዩኝ። ፀሐይ ስትከርርባቸው ክንዴን ይዘው ወደ ጥላው ጎተቱኝ። ውሻው ሲጮኽ ምርኩዛቸውን አነሡበት፤ ቃል ግን አልወጣቸውም። ተሲያት ላይ ነው ነገሩ የገባኝ። ልፈትናቸው ብዬ ብርጭቆውን ደበቅሁት፣ አላህ ይቅር ይበለኝ። በዓይናቸው ፈለጉት፣ ተቆጡ፣ ጠረጴዛውን መቱ። ያቺን ቃል ግን አላወጧትም። ቶሎ ብዬ ውሃውን ሰጠኋቸውና እጃቸውን ሳምሁ። ጀንበር ስታዘቀዝቅ ከአጥሩ ውጭ የእግር ኮቴ ተሰማ። እትዬ ገና ሳይታዩ መምህር ብድግ አሉ፤ ባርኔጣቸውን አወለቁና «የዝና» አሉ።

እትዬን እደጃፉ ላይ ያዝኋቸው። «እርስዎ በሌሉበት አንዴም አላሏትም፤ ተጠምተውም አላሏትም። ውሃውን አይደለም፤ እርስዎን ነው የሚጠሩት» አልኋቸው። እደጃፉ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ከዚያ ወደ ባላቸው ዞረው «አንተ ሰውዬ፣ ይኼን ሁሉ ዘመን ምን ስትጠብቅ ነበር?» አሏቸው። መልሱ ያው ነበር። ሦስታችንም ሳቅን፤ እትዬ አብዝተው ሳቁ። ከዚያ ዕለት ጀምሮ ሲጠሩ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመው አላየኋቸውም።

ጋሼ፣ አሁን ከእርስዎ ጋር ልነጋገር። ለቅሶዎ ላይ ሰው ሁሉ «እትዬ፣ ያጽናዎት» ሲላቸው ሰነበተ። ከሩቅ የመጡት ልጆቻችሁ «እማዬ» ይሏቸዋል። የሰፈር ወጣት «እማማ» ይላቸዋል። የንስሐ አባታቸው የሚጠሯቸው በክርስትና ስማቸው ነው። እናታቸው፣ ታላቅ ወንድማቸው፣ የልጅነት ጓደኞቻቸው ከእርስዎ ቀድመው ሄደዋል። ሰው ሲቀንስ እትዬ እጄን ያዙና «እስቲ ስሜን ጥሪኝ» አሉኝ። «እትዬ የዝና» አልሁ። «እትዬውን ተይው» አሉኝ። አፌን ከፈትሁ፤ አልወጣልኝም፣ ጋሼ። በእናቴ ዕድሜ ያሉትን ሴት እንዴት ብዬ በባዶ ስማቸው ልጥራ? አልተቀየሙኝም። እጄን ለቀቁና ወደ ጓዳ ገቡ። መቀመጥ ያቃተኝ በዚህ ነው።

ያለዎትን ሁሉ ለገበያ ሰው ሲያከፋፍሉ ኖረው ይህችን አንዲት ቃል ለማንም ሳያቀብሉ ሄዱ። አልወቅስዎትም፤ የምትለወጥም አልነበረችም። ፈጣሪ ነፍስዎን በመልካም ስፍራ ያሳርፍልን፣ አፈሩም ይቅለልዎት። እኔ ነገ ማለዳ በመጀመሪያው መኪና ቢቸና እሄዳለሁ። በራችሁ ላይ ቆሜ እንደገና እሞክራለሁ፤ ጎረቤት ሰምቶ ባለጌ ቢለኝም ይበለኝ። ድምፁ የእርስዎ እንዳልሆነ እሳቸውም ያውቁታል። ቢሆንም ስማቸው ነውና ይወጣሉ።