አባቴ ብዬ የለጠፍኩት ፎቶ

አገሬን ለቅቄ አዳማ የገባሁት ሠላሳ ዓመት ሞልቶኝ ነው። አንደኛ ክፍልን የጀመርኩት በአሥራ አራት ዓመቴ ስለነበር፣ እኩዮቼ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት በሚያስመዘግቡበት ጊዜ እኔ ገና የራሴን ዲፕሎማ ይዤ ሥራ ፈላጊ ነበርኩ። አንድ የግል ኮሌጅ በቤተ መጻሕፍቱ መጽሐፍ መዝጋቢ አድርጎ ቀጠረኝ። ሥራው ከጠባዬ ጋር ገጠመ፤ ዝም ይባላል፣ ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ይይዛል፣ የተሳሳተ ካርድ ከተገኘ ይታረማል።

ከኮሌጁ በር ስወጣ ግን የሚያውቀኝ ሰው አልነበረም። ሙቀቱንም አልለመድኩትም። ከሥራ ስመለስ ስልኬን ከፍቼ የአገራችን ልጆች የተሰበሰቡበት ግሩፕ ውስጥ እገባለሁ። አንዱ የመካነ ሰላምን ገበያ ይለጥፋል፣ ሌላው ጭቃ የያዘውን የጭነት መኪና፣ ሌላው ደመና የሞላበትን ገደል። ከሥሩ «ኧረ አገሬ!» እየተባለ ይሳቃል፣ ይለቀሳል። እኔም በስልኬ ይዣቸው የመጣኋቸውን ፎቶዎች አንድ በአንድ መለጠፍ ጀመርኩ። ስለጥፍ ታዲያ እንደ መዝገብ ቤት ነው፤ የየትኛው ቀበሌ ዳገት እንደሆነ፣ በየት በኩል ሆኜ እንዳነሳሁት፣ ወሩን፣ ማለዳ ይሁን ከሰዓት፣ ሳልጽፍ አልለቅም። ሌላ ሰው ሲሳሳትም ዝም ማለት አልችልም። «ይህ ከላላ አይደለም፤ ዛፉን ተመልከቱ» እላለሁ። አንዱ ቀልደኛ፣ «እታለም፣ አንቺ ፎቶ ነው የምትለጥፊው ወይስ ፈተና ነው የምታወጪው?» ብሎ ጻፈልኝ። ብዙ ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ነገሩ ግን ከነከነኝ።

አባቴን ፎቶ ያነሳኋቸው ከቤት የወጣሁ ዕለት ነው። በረቱ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ ጋቢያቸውን እስከ አገጫቸው ተከናንበው፣ ምርኩዛቸው ላይ ሁለት እጃቸውን ደርበው ያዩኛል። ከኋላቸው የተንጠለጠለው ቢጫ ጀሪካን ባይኖር ደኅና ፎቶ ነበር። ዓይን የሚስበው እሱ ሆነ። ቆርጬ ላወጣው ብሞክር የአባቴ ትከሻ አብሮ ይቆረጣል። ስለዚህ ጥቁርና ነጭ አደረግሁት። ጀሪካኑ ከግድግዳው ጋር ተመሳስሎ ጠፋ፤ የአባቴ ፊት ብቻ ጎልቶ ወጣ። ያን ቀልድ አስታውሼ ወሩንም፣ ሰዓቱንም፣ ቀበሌውንም ተውኩት። «አባቴ» ብዬ ብቻ ለጠፍኩና ወደ ሥራዬ ገባሁ።

ለምሳ ስወጣ ስልኬን ከፈትኩት።

«ነፍስ ይማር።» «እግዚአብሔር ያጽናሽ እህቴ።» «ሶብሩን ይስጣችሁ፤ የሰው ደግ ነበሩ።» «መቼ ነው ያረፉት?»

ማወቅ ነበረብኝ። በግሩፓችን የሽማግሌ ፎቶ ቀለሙ ወጥቶ፣ ከሥሩ ብዙ ሳይጻፍበት የሚለጠፈው ሰው ሲሞት ብቻ ነው። የሰውን ሁሉ ስህተት ስለቅም ከርሜ ይህን አላየሁትም። ወዲያው «አባቴ በሕይወት አሉ። ፎቶ ብቻ ነው የለጠፍኩት» ብዬ ጻፍኩ።

በዚህ ያበቃል ብዬ ነበር። ጥቂት ቆይቶ ግን የተጻፈው ሁሉ አንድ በአንድ ይጠፋ ጀመር። «ነፍስ ይማር» ያለው ሰረዘ። «ነበሩ» ያለችው ሰረዘች። ይቅርታ ያለ የለም፤ የሳቀም የለም። ዝም ብለው ይሰርዛሉ።

በእኛ አገር መርዶ የሟቹ ቤተሰብ ጋ የሚደርሰው መጨረሻ ላይ ነው። አገር ሁሉ ሰምቶ፣ ተመካክሮ፣ ቀን ቆርጦ ነው የሚያረዳው። እኔ ራሴ ዘጠነኛ ክፍል እያለሁ፣ ወንድሟ የሞተባትን ጎረቤታችንን «ደኅና ነው» እያልኩ ሁለት ቀን አብሬያት ውኃ ቀድቻለሁ። እነዚህም «በሕይወት አሉ» ማለቴን ሲያዩ፣ ልጅቱ አልተረዳችም፣ በስልክ አትስማ ብለው ነው የሚሰርዙት። የማያውቁትን ነገር ደግሞ ማን ይደብቃል?

ከአባቴ ጋር ወደሚኖረው ወንድሜ ደወልኩ። ስልኩ አይሠራም። ኔትወርክ ከጠፋ ሦስት ሳምንት ሆኖታል፤ መንገዱም አንድ ቀን ተከፍቶ ሌላ ቀን ይዘጋል። ደጋግሜ ስደውል አንድ መልእክት ገባ፤ አብራኝ የተማረች የአገሬ ልጅ ናት።

«እታለም፣ ምሳ በልተሻል?»

«ምን ሰምተሽ ነው?»

«ምንም። እንዲያው ነው። ብይ እንጂ።»

መርዶ ነጋሪ አስቀድሞ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፤ ከተነገረ በኋላ እህል በጉሮሮ አይወርድምና። ያን ቀን አልበላሁም። ያልበላሁት ከበላሁ የሚነግሩኝ ስለመሰለኝ ነው።

በማግስቱ ጠዋት አዳማ የሚኖሩ ሦስት የአገሬ ሰዎች በሬን አንኳኩ። አንድ ሽማግሌ፣ ባለቤታቸውና አንዲት ቅቤ ነጋዴ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል።

«ተቀመጪ ልጄ» አሉኝ ሽማግሌው።

«ምን ሰማችሁ?»

«አንቺ ምን ሰማሽ?»

«እኔማ ምንም አልሰማሁም።»

ወደ ባለቤታቸው ዞረው፣ «አልሰማችም» አሏቸው፤ እዚያው እኔ ፊት።

«ታዲያ ፎቶውን ማን ለጠፈው?» አሉ ባለቤታቸው።

«እኔ ነኝ።»

«ምን ሰምተሽ?»

«ምንም አልኩ እኮ!»

ቅቤ ነጋዴዋ ጣልቃ ገባች። «ኧረ እኔ ከደሴ ሰምቻለሁ።»

«ደሴ ከማን?»

«ከአክስትሽ ልጅ ነዋ። የከላላዋ አክስትሽ ልጅ።»

የአባቴ ታላቅ እህት ከላላ ነው የሚኖሩት፤ ልጃቸው ደሴ ይነግዳል። እነሱ ፊት ደወልኩለት። «ከማን ሰማህ?» አልኩት።

«ፎቶውን አየሁ እኮ። ከዚያ በላይ ከማን ልስማ?»

የራሴ ፎቶ ደሴ ደርሶ፣ አዳማ ተመልሶ፣ ነጠላ አዘቅዝቆ እኔኑ ሊያረዳኝ መጥቷል። «አልሞቱም፤ ማለቴ፣ ማንም ምንም አልሰማም» አልኩት።

እሱ ግን፣ «መርዶውን ለእማዬ ልኬባታለሁ» አለኝ።

«በምን?»

«ወደ ከላላ በሚጭን ሹፌር። ትናንት ከሰዓት ወጣ።»

የሹፌሩም ስልክ አይሠራም። መልእክቱ መንገድ ላይ ነው፤ እኛ ደግሞ ቀድሞት የሚደርስ ነገር የለንም።

የሽማግሌው ባለቤት የለቅሶ ንፍሮ ቀቅለው ይዘው መጥተው ነበር። መሀላችን ተቀምጦ ቀዘቀዘ። «በቆመ ሰው ላይ ንፍሮ አይበላም» አሉ። ቅቤ ነጋዴዋም፣ «መቆማቸውንስ ማን አየ?» ብላ ወዲያው አፏን ያዘች። እስከ ምሳ ሰዓት ተቀመጥን። ለማልቀስም አልሆነ፣ ለመጨዋወትም አልሆነ። በመጨረሻ ንፍሮውን ይዘውት ተነሡ። ሽማግሌው በሩ ላይ ቆመው፣ «ሆነም አልሆነም አብሽሪ» አሉኝ።

ፎቶውን አጠፋሁት። ግን ሌሎች ወስደው፣ ጥግና ጥጉ ላይ ሻማ አድርገውበት፣ በማላውቃቸው ግሩፖች ለጥፈውታል። ለእያንዳንዱ «በሕይወት ስላሉ እባክዎ ያንሱት» ብዬ ጻፍኩ። አንዳንዱ አይቶ ዝም አለ። አንዱ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ብሎ መለሰልኝ።

ስምንት ቀን ካለፈ በኋላ፣ ሥራ ላይ እያለሁ ስልኬ ጠራ። ወደ ውጭ ሮጥኩ።

«አባባ? እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ። አለሁ።»

ማልቀስ ጀመርኩ።

«አትንሰቅሰቂ። ይህ ስልክ ሳይጠፋ ስሚኝ። አክስትሽ ለቅሶዬን ልትደርስ መጥታ ወደቀች።»

አክስቴ የመጡት በበቅሎ ነው። እያለቀሱ ቁልቁለቱን ሲወርዱ በቅሎዋ አዳልጧት ጣለቻቸው። ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመው አባቴ ቤት አስገቧቸው። ወጌሻው ታፋቸውን አይቶ ከእጄ በላይ ነው አለ።

«ስታየኝ ምን አለች መሰለሽ?» አሉ አባቴ። «‹ምነው አንተ! አለህ እንዴ? እንዲህ ታስለፋኝ!› አለች። እኔው ነኝ ውኃ የማጠጣት። ትናንት ስታወራ ነበር፤ ዛሬ ግን ድምፅዋ ደከመብኝ። መካነ ሰላም ሐኪም ቤት እንዳናደርሳት መኪና አይገኝም።»

«ልምጣ?»

«በየት በኩል?»

ጊዜ ሳይሰጡኝ ቀጠሉ።

«ይልቅ ልጇ ይወቅ። ታማለች በይው። እንዳታስደነግጪው ደግሞ...» ድምፃቸው ተቆረጠ። መልሼ ብደውል አልገባ አለኝ።

ድምፄ ስለሚያጋልጠኝ ለአክስቴ ልጅ ለመደወል አልደፈርኩም። ለመጻፍ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። «እናትህ ታማለች» ብዬ ጀምሬ አጠፋሁት፤ መርዶ ሁሉ የሚጀምረው «ታሟል» ተብሎ ነው። «በሕይወት አለች» አልኩ። በሕይወት ላለ ሰው እንዲህ ብሎ የሚጽፍ ማን ነው? አጠፋሁት። «ብዙም አይደለም» ብል ደግሞ ውሸት ይሆናል። በመጨረሻ የማውቀውን ብቻ በቅደም ተከተል ጻፍኩ።

«አባባ ደውለው ነበር፤ ደኅና ናቸው። እናትህ እሳቸው ቤት ናት። ከበቅሎ ወድቃ ታፋዋን ተጎድታለች። ሐኪም ቤት የሚያደርሳት መኪና እየፈለጉ ነው። ትናንት ስታወራ ነበር።»

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የሚታረም ቃል አላገኘሁበትም። ላክሁት።

አየው። ብዙ ቆይቶ መለሰ።

«መቼ ተቀበረች?»

ያን ጊዜ ደወልኩ። ሲያነሳው እያለቀሰ ነበር፤ ከኋላው የሴቶች ድምፅ ይሰማል፤ ጎረቤት ደርሷል። «አልሞተችም! በእግዚአብሔር ስም፣ አልሞተችም!» አልኩት። የኮሌጁ ተማሪዎች ዞረው አዩኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ጮኼ አላውቅም።

«እሺ» አለኝ፣ በተረጋጋ ድምፅ። «እሺ እህቴ። አንቺ ምን ታደርጊ።»