ጋሽ አጥብቅ ያሰረው ዳዶ

የኤር ኮንዲሽነር ሠራተኛውን ትክክለኛ ስም የሚያውቁት ሚስቱና የመታወቂያ ወረቀቱ ብቻ ናቸው። ሌላው ሁሉ «ጋሽ አጥብቅ» ነው የሚለው። ስሙም ያለ ምክንያት አልወጣለትም። ሃያ ስምንት ዓመት በሙያው ሲቆይ አንድ ዳዶ እንኳ «ይበቃሃል» ብሎ ትቶ አያውቅም፤ ጥርሱን ነክሶ፣ የአንገቱ ደም ሥር ተገታትሮ፣ ብረቱ እሪ እስኪል ነው የሚያስረው። ቤተሰቡም ከዚህ ክንዱ አላመለጠም። የውሃ ቧንቧውን እሱ ከዘጋው ሚስቱ ፊቷን የምትታጠበው እሱ ከሥራ ሲመለስ ነው። የመድኃኒት ጠርሙስ እሱ ከከደነው በሽተኛው ክዳኑን ሲታገል ይድናል።

«አንተ ሰውዬ፣ የሚያመልጥህ ነገር አለ እንዴ?» ትለዋለች ሚስቱ።

«የላላ ነገር ኋላ ያዋርዳል» ይላታል፣ አፉን ሞልቶ።

ታዲያ ሙቀቱ ሰው መድረሻ ባሳጣበት ወር፣ የአንዲት ልጁ እጮኛ እናት ቤታቸው ኤር ኮንዲሽነር እንዲተክልላቸው ጠሩት። ሴትየዋ ጡረታ የወጡ አዋላጅ ናቸው፤ ዓይናቸው ምንም አያልፈውም። ልጁ በር ድረስ ሸኘችውና «አባዬ፣ አደራህን፤ እሳቸው የሚያዩት ማሽኑን ብቻ እንዳይመስልህ» አለችው። ነገሩ ገባው። የልጁ ክብር በእጁ ነው። ስለዚህ ከወትሮው አብልጦ አጠበቀ።

በሳምንቱ ቤቱ መቀዝቀዙን ተወ። ሄዶ ሲያይ ቀጭኑ የመዳብ ቧንቧ በረዶ ለብሷል።

«ቫልቩ ነው» አለ ወዲያው። ቫልቩ ጋዙን እየመጠነ ወደ ውስጥ የሚያሳልፍ ትንሽ የነሐስ ዕቃ ነው፤ ሲደፈን እንዲህ እንደሚያደርግ እውነት ነው። «ጥፋቱ ከፋብሪካው ነው፣ እትዬ።»

«ከማሕፀን ይዞት የመጣ ነው ይበሉኛ!» አሉ አዋላጇ።

ቫልቩን ቀየረ፣ ጋዙን ሞላ፣ ቧንቧውን ከቫልቩ ጋር የሚያጋጥመውን ዳዶ እንደ ልማዱ አነቀው። በአሥራ አንደኛው ቀን ማሽኑ እንደገና ሙቅ አየር ይተነፍስ ጀመር። አሁን ደግሞ ጥፋተኛው ቫልቩን የሸጠለት ባለሱቅ ሆነ። ጋሽ አጥብቅ ሱቁ ድረስ ሄዶ፣ ሃያ ዓመት የሚያውቀውን ሰው በደንበኛ ፊት አዋርዶት ተመለሰ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይኸው ነው።

ለሦስተኛ ጊዜ ሲሄድ አዋላጇ ወንበር አምጥተው አጠገቡ ተቀመጡ።

«ዛሬስ ሲያስሩ ልይዎት» አሉ።

ቁልፉን ይዞ ዳዶው ላይ ተንጠለጠለ። ፊቱ በርበሬ መሰለ።

«እኔ አርባ ዓመት ሕፃናት ተቀብያለሁ» አሉ አዋላጇ። «አንዱንም በጉልበት ጎትቼ አላወጣሁም።»

ጋሽ አጥብቅ ሳቀ። ሳቁ ግን መሀል ላይ ቀረበት። እስካሁን ፋብሪካውን ሲጠረጥር፣ ባለሱቁን ሲጠረጥር፣ የገዛ ዳዶውን ግን ለመጠርጠር እንኳ አላሰበም። ጋዝ ያፈስ እንደሆነ ለማየት ዳዶውን የሳሙና አረፋ ቀባው። አረፋው ቡልቅ፣ ቡልቅ አለ። ፈታው። የቧንቧው አፍ ተጨፍልቆ ሳስቷል፣ እንደ ፀጉር የቀጠነች ስንጥቅም አለችው። ጋዙ በዚያች ስንጥቅ እየሾለከ ሲያልቅ ነው የከረመው፤ ጋዝ ሲያንስ ደግሞ ቧንቧው ልክ ቫልቭ እንደተደፈነበት በረዶ ይለብሳል።

አዋላጇ መነጽራቸውን እየጠረጉ ነበር፤ አላዩም። «አሁንም ፋብሪካው ነው» ቢል ማንም አይጠይቀውም። ቃሉ ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሷል። እውነቱን ቢናገር ደግሞ ነገ «የዚያ አበላሺ ልጅ» የምትባለው ልጁ ናት።

«እትዬ፣ ፋብሪካውም ባለሱቁም የሉበትም» አለ። «የሰበርኩት እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ምነው ሞት የተረዱ መሰሉ? ይሥሩታ! አሁን ግን በልክ።»

የቧንቧውን አፍ ቆርጦ አዲስ ሠራለት። ሲያስር እጁ አንድ ዙር ልጨምር አለ። «በቃ!» ብለው ጮኹበት አዋላጇ፣ ምጥ ላይ ያለች ሴት ላይ እንደሚጮኹት። እጁ ቆመ። እግረ መንገዱን ባለሱቁን ይቅርታ ጠይቆ ቤቱ ገባ።

ልጁ ሰሃን እያጠበች ነበር። የሆነውን ሁሉ ነገራት።

«‹ጥፋቱ የኔ ነው› አልካቸው?» አለች። «እንዲህ በቀላሉ?»

«ምን ላድርግ ታዲያ? የኔ ነበራ!»

ውሃውን ዘጋችው። «እኔ ይህን ቃል ሦስት ዓመት ጠበቅኩት፣ አባዬ። ሌላ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ሲደርሰኝ ‹ትምህርቱ አይረባም› ብለህ አስቀረኸኝ። ትምህርቱ ምንም ጉድለት አልነበረበትም።»

ጋሽ አጥብቅ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«ምንም ጉድለት አልነበረበትም» አለ። «እንዳትሄጂብኝ ፈርቼ ነው። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ልጁ እጇን አደረቀች።

«እንደገና አመልክቻለሁ» አለችው። «ተቀብለውኛል። እጮኛዬም ያውቃል። ላንተ መንገር ነበር የከበደኝ።»

አፉን ከፈተ። ርቀቱ፣ ኪራዩ፣ የሰው አገር ክፋት፣ ምክንያቱ ሁሉ ተሰልፎ መጣለት። አፉን መልሶ ዘጋው።

«መቼ ነው የምትሄጂው?» አላት።