ሦስተኛው ገጽ ላይ የተጻፈው

መሥሪያ ቤቱ ውስጥ «እትዬ አራት ነጥብ» ይሏታል። ሃያ ዓመት ቋንቋ አስተምራ፣ ጉሮሮዋ አልችል ሲላት ለፕሮግራም ሠሪዎች መመሪያ ለመጻፍ የተቀጠረች ሴት ናት። ፕሮግራም መሥራት አትችልም። ስለ አንዲት ሰረዝ ግን ግማሽ ቀን ትሟገታለች፤ ሰዎቹ ኮሪደር ላይ ሲያይዋት መንገድ የሚቀይሩት ለዚሁ ነው።

የዚያን ሳምንት የመጋዘኑን መመሪያ እያጠራች ነበር። መጋዘን የሚሉት ፕሮግራም ሠሪው የጻፈው ሁሉ ከነእርማቱ የሚከማችበት፣ በየኮምፒውተሩ ውስጥ ያለ ቦታ ነው። አንድ ሰው ለብቻው የያዘውን ሥራ ደግሞ ቅርንጫፍ ብለው ስም ያወጡለታል። ሦስተኛው ገጽ «ቅርንጫፍ ከተሰረዘ ሥራው ይጠፋል» ይላል። «ይጠፋል» የሚለው ከነከናትና መጋዘኑን ወደ ሠሩት ሽማግሌ መሐንዲስ ሄደች።

«የሚጠፋው ስሙ ነው» አሏት ጋሼ፣ ከስክሪናቸው ቀና ሳይሉ። «ዕቃው እዚያው ቁጭ ብሏል። መጋዘኑ ሠላሳ ቀን ጠብቆ ነው የሚጠርገው።»

«እስከዚያ መመለስ ይቻላል?»

«በአምስት ደቂቃ።»

«ታዲያ ጋሼ፣ ለምን አልጻፉትም?»

«ማን ጠየቀኝ?»

ክው አለች። ምድር ቤት የሚሠራው ጢማሙ ባልደረባዋ ከአራት ቀን በፊት የሦስት ወር ሥራ የያዘ ቅርንጫፉን በስህተት ሰርዞ፣ ገጹን አንብቦ፣ ተስፋ ቆርጦ እንደ አዲስ ጀምሯል። ሰኞ ካላስረከበ ውሉ አይታደስም። ደረጃውን እየዘለለች ወረደች።

«ተው አትድከም፤ ሥራህ አልጠፋም» አለችውና የሰማችውን ነገረችው።

ሰውየው ፊቱ በራ። ወዲያው ደግሞ እጁ ከኪቦርዱ ላይ ወረደ።

«ትናንት ጠረግሁት እኮ» አለ። «ቦታ ጠቦኝ ነበር። እዚያው ገጽ ላይ ዝቅ ብሎ፣ የማያስፈልጉ ዕቃዎችን ወዲያው ጥረግ፣ ምንም ጉዳት የለውም ይላል።»

መስመሩን ታውቀዋለች። አምና ራሷ ናት የጻፈችው። «የማያስፈልጉ» የሚባሉት የተሰረዙት ቅርንጫፎች ዕቃዎች እንደሆኑ አልገባትም ነበር፤ ያን ቀን ጋሼ በጥያቄዋ ተሰላችተው ስለነበር ፈርታ አለፈችው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ ይሄኛው የተፈታው በሌላ ሰው ወገብ ላይ ነው።

«ማን ይሆን የጻፈው?» አለ ጢማሙ፣ እንዲያው ለነገሩ።

መመሪያው ላይ የጸሐፊ ስም አይወጣም። ዝም ብትል የሚያውቅባት አልነበረም።

«እኔ ነኝ» አለች። አፍራ ነበር። «አለቃው ዘንድ አብሬህ እሄዳለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው እላለሁ።»

ጢማሙ የተቆጣ አይመስልም።

«ጥፋቱስ ያንቺ ነው፤ ውሉ ግን የእኔ ነው፣ እትዬ» አለና እንደ አዲስ ወደ ጀመረው ሥራ ተመለሰ።