ለእትዬ ያነበብኩት መጽሐፍ

ከዚህ በፊት ምንም ነገር ጽፌ አላውቅም። ትምህርቴ እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ከዚያ ወዲህ እጄ የጻፈው ሱቅ ውስጥ ያለቀውን ዕቃ ስም ብቻ ነው። የቤተ ክርስቲያናችን ሴቶች ግን እያንዳንዳችን ለእናቶችና ለቤተሰብ ይነበብ የምንለውን አንድ መጽሐፍ እንድንመርጥ፣ ለምን እንደመረጥነውም እንድንናገር ተስማምተዋል። እኔ ሰው ፊት ቆሜ መናገር አልችልም። ስለዚህ ጽፌ እሰጣለሁ፣ ሌላ ሰው ያንብብልኝ።

የመረጥኩት ስለ እርግዝናና ስለ ወሊድ የተጻፈውን ቀጭኑን መጽሐፍ ነው። ምክንያቴን ለመናገር የታሰርኩበትን ጊዜ ማንሳት አለብኝ።

እኛ ስደተኞቹ የምንዋዋሳቸው የአማርኛ መጽሐፎች ከሱቅ ሱቅ የሚዞሩት ዕቃ በሚያመላልሰው መኪና ነው። ሾፌሩ ከዘይቱና ከስኳሩ ጋር አንዱን ያወርዳል፣ ሌላውን ይጭናል። ያ መጽሐፍ ኦሬንጅ ፋርም በሚባለው ሰፈር፣ እኔ ወደምሠራበት ወደ አጎቴ ልጅ ሱቅ የደረሰው ዓርብ ጠዋት ነበር። ሽፋኑ ላይ ሆዷ የገፋ ሴት ተሥላለች። ደንበኛ እንዳያይብኝ ብዬ በበቆሎ ዱቄት ከረጢት ወረቀት ሸፈንኩት።

እኩለ ቀን ላይ ፖሊሶች ከኢሚግሬሽን ሰዎች ጋር መጡ። የስደተኝነት ወረቀቴ ጊዜ አልፎ ነበር፤ ለማሳደስ ጠይቄ መልስ እየጠበቅሁ ነበር። ወረቀቱ ላይ በፖለቲካ ምክንያት ከአገሯ የተሰደደች ይላል። ፖለቲካው የወንድሜ ነው። አገር ቤት እሱን ሲያጡ እኔን ሊወስዱ መጡ፤ ለዚህ ነው የወጣሁት። እዚህ ደግሞ ስለ ራሴ ወረቀት ወሰዱኝ። የአጎቴ ልጅ ዕቃ ሊገዛ ወጥቶ ስለነበር ሱቁን በደንብ እንኳ ሳልዘጋ መኪና ላይ ወጣሁ። መጽሐፉ እጄ ላይ ነበር።

ጣቢያው ውስጥ አንዲት ሴት ፖሊስ ስልኬን፣ የጫማዬን ክርና የፀጉሬን ማስያዣ ተቀበለችኝ። መጽሐፉን ገለጥ ገለጥ አድርጋ ሥዕሎቹን አየች። ከዚያ ሆዴን አየች።

«እርጉዝ ነሽ?» አለችኝ በእንግሊዝኛ።

አይደለሁም ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ። ሳቀችና መጽሐፉን መለሰችልኝ።

ያስገቡኝ ክፍል ወለሉ ሲሚንቶ ነው። ግድግዳው ሥር ስስ ፍራሾች ተነጥፈዋል። ጥጉ ላይ ሽንት ቤቱን ግማሽ ግንብ ይከልለዋል፤ በረኪናውና ሽንቱ አንድ ላይ ይሸታሉ። መስኮቷ ከፍ ያለች ናት፣ ሰማይ ብቻ ነው የምታሳየው። አምስት ሴቶች ነበሩ። በሩ ከኋላዬ ሲዘጋ የት እንደምቀመጥ ስላላወቅሁ እዚያው ቆምኩ።

«ነይ ወዲህ የኔ ልጅ» የሚል አማርኛ ሰማሁ። «እዚያ አትቁሚ፣ ሽታው ያሳምምሻል።»

የተናገሩት ሴትዮ እርጉዝ ነበሩ። ግድግዳውን ተደግፈው ፍራሻቸው ላይ ቦታ ለቀቁልኝ። ዕድሜያቸው አርባ ቢሆን ነው። እትዬ አልኳቸው፤ ስማቸውን እዚህም አልጽፍም። አገር ቤት የደቡብ ሰው ናቸው፤ እዚህ ጻካኔ በሚባል ሰፈር ከባላቸው ጋር ሱቅ ነበራቸው።

«ባሌ በጓሮ በኩል አመለጠ» አሉኝ። «እኔ ይህን ሆድ ይዤ ወዴት ላምልጥ? ፖሊሱ ራሱ ደግፎ ነው መኪና ላይ ያወጣኝ።»

ስቀው ነው የነገሩኝ። እኔ መሳቅ ይኑርብኝ አይኑርብኝ አላወቅሁም።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ መጽሐፉን አዩት። ምን እንደሆነ ጠየቁኝ፤ አፍሬ ሽፋኑን ብቻ ገለጥ አድርጌ አሳየኋቸው። ሥዕሉን ለረጅም ጊዜ አዩት።

«አንብቢልኝ» አሉ። «እኔ ቁጥር እንጂ ፊደል አላውቅም። ሰባት ወሬ ነው። ከዚህ በፊት ሁለት አጥቻለሁ፣ ሁለቱንም በሰባት ወራቸው። ምን አጥፍቼ እንደሆነ የነገረኝ ሰው የለም። ጌታ ያውቃል። ምናልባት መጽሐፉ ያውቅ ይሆናል።»

ማንበብ ጀመርኩ። አጠገባችን የተቀመጠችው ፀጉር ሠሪ የዚምባብዌ ሴት ድምፄን ስትሰማ ቀና አለች።

«ሲሲ፣ እህቴ፣ መጽሐፍ ቅዱሳችሁ ይኼ ነው?» አለችኝ። «በጣም ቀጭን ነው። የእናንተ ሰዎች ኃጢአት ትንሽ ናት ማለት ነው።»

ለእትዬ ስነግራቸው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። እርጉዝ ሴት ከሰዓት በኋላ እግሯን ከፍ አድርጋ ትረፍ የሚለው ላይ ስደርስ «ቆይ፣ ቆይ፣ ይህን ምልክት አድርጊበት፣ ለባሌ ይነበብለታል!» አሉኝ። ስለ ምግብ አነበብኩላቸው። ሕፃኑ በስንተኛው ወር ድምፅ እንደሚሰማ አነበብኩላቸው። ይኼኔ ሆዳቸውን ዳበሱ።

ከዚያ አንድ ገጽ ላይ ደረስኩ። የሚጀምረው ሴት ስለምታፍርበት አካል ነው፣ ስለ ደምና ስለ ፈሳሽ። ቃሉን አየሁት፣ ከአፌ አልወጣ አለኝ። ከእትዬ በቀር አማርኛ የሚሰማ በክፍሉ አልነበረም፤ እሳቸው ግን የእናቴ ታናሽ እህት ሊሆኑ ይችሉ ነበር። ስድስተኛ ክፍል የሳይንስ መምህራችን እንዲህ ያለ ምዕራፍ ላይ ሲደርስ «ይህን ቤታችሁ አንብቡት» ብሎ ያልፈው ነበር። ቤታችን ማናችንም አላነበብነውም። እኔም እንደ መምህሬ አደረግሁ። ሁለት ቅጠል አንድ ላይ ገልጬ ስለ ሕፃን ልብስ ወደሚለው ሄድኩ። እትዬ ምንም አላሉም።

እሑድ ጠዋት ዳቦውን አልበሉም። ራሳቸውን በነጠላቸው አጥብቀው አስረው ፊታቸውን ከመስኮቱ ብርሃን አዙረው ተኙ።

«ብርድ ነው» አሉኝ። «ሲሚንቶው ነው። ዓይኔ ፊት ዝንብ የመሰለ ነገር ይበራል። እስቲ አንብቢልኝ፣ ሕመሙን ያስረሳኝ።»

እጃቸውን አየሁት። የጋብቻ ቀለበታቸው ሥጋው ውስጥ ጠፍቷል።

መጽሐፉን አነሣሁ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ የዘለልኩትን ገጽ ነው የገለጥኩት። ከማፍርባቸው ቃላት አልፎ፣ በሚቀጥለው ቅጠል ላይ፣ እጇና ፊቷ ያበጠ ሴት ተሥላለች። ከሥዕሉ ሥር ከባድ ራስ ምታት፣ የእጅና የፊት እብጠት፣ የዓይን ብዥታ ይላል። ለእናትም ለልጅም አደገኛ ነው፣ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል ይላል። ትናንት ከሰዓት በኋላም እትዬ ጫማቸው ጠቧቸው በባዶ እግራቸው ነበር የተቀመጡት። አይቼዋለሁ። ሳይውሉ ሳያድሩ ይላል፣ እኛ ግን አድረናል።

በሩን መታሁ። የእኔ እንግሊዝኛ የሱቅ እንግሊዝኛ ነው፣ ለዳቦና ለስልክ ካርድ ይበቃል። ሥዕሉን በበሩ ቀዳዳ ለጠባቂው አሳየሁትና ወደ እትዬ ጠቆምኩ። «ቤቢ» አልኩ። «ሆስፒታል» አልኩ።

«ዛሬ እሑድ ነው» አለ። «ነርስ የለችም። ነገ።»

የዚምባብዌዋ ሴት ተነሥታ መጣች። ሥዕሉን አየች፣ የእትዬን እጅ አየች። ቀልዷ ጠፋ። በዙሉኛ ረጅም ነገር ተናገረችው። እሱም መለሰላት፤ ትከሻውን አይቼ ምን እንዳለ ገባኝ።

«ያንን መጽሐፍ ማንበብ አልችልም፣ ምን እንደሚል በምን አውቃለሁ አለ» አለችኝ።

ስለዚህ አነበብኩለት። ሌላ የማደርገው አልነበረኝም። አፌን በሩ ቀዳዳ ላይ አድርጌ ገጹን ከላይ ጀምሬ በአማርኛ አነበብኩት። ያን ቃል፣ ደሙን፣ ፈሳሹን፣ አንዱንም ሳላስቀር። ስጨርስ እንደገና ከላይ ጀመርኩ። በሕይወቴ ጮክ ብዬ አንብቤ አላውቅም፤ መምህሬ ሁልጊዜ «አይሰማም» ይለኝ ነበር። ጠባቂው ዝም ካላልኩ ለብቻዬ እንደሚዘጋብኝ በምልክት አሳየኝ። ሌሎቹ ሴቶች በላስቲክ ኩባያቸው ግድግዳውን መምታት ጀመሩ። እሱ ሄደ። እኔ ባዶውን ኮሪደር ማንበብ ቀጠልኩ።

የመስኮቱ ብርሃን ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው እስኪዞር ማንም አልመጣም። ከዚያ እትዬ አስታወካቸው፣ ሰውነታቸውም ተንቀጠቀጠ። ከዚያ በኋላ ነው አልጋ የሚገፉ ሁለት ሰዎች የመጡት። ንባቡ ይሁን፣ ጩኸቱ ይሁን፣ ወለሉ መበላሸቱ ይሁን ያመጣቸው፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።

እኔ ከዘጠኝ ቀን በኋላ ጊዜያዊ ወረቀት ተሰጥቶኝ ወጣሁ። ጻካኔ ድረስ ሄጄ ጠይቄያለሁ። ሱቁን ሌሎች ሰዎች ይዘውታል። አንዱ ወደ አገር ቤት ተመለሱ ይላል፣ ሌላው ወደ ሌላ ከተማ ሄዱ ይላል። ስለ ልጁ የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም። ሆስፒታል ሄጄ ስጠይቅ ዘመዳቸው ነሽ ወይ አሉኝ። አይደለሁም አልኩ። ዋሽቼ ነኝ ብል ኖሮ ብዬ አሁንም አስባለሁ።

ይህን መጽሐፍ የመረጥኩት ለዚህ ነው። ፊደል የምታውቅ ለማታውቅ ታንብብላት፣ ባሎችም ቁጭ ብለው ይስሙ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ይነበብ። ቀጭን ነው፣ በአንድ እሑድ ያልቃል።

እትዬን አልጋው ላይ አድርገው ሲያወጧቸው እስከ በሩ ድረስ እጃቸውን ይዤ ነበር። «እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ» አልኳቸው። «ትናንት ይህን ገጽ አላነበብኩልዎትም።»

ዓይናቸውን ሳይገልጡ ነው የመለሱልኝ።

«ሁለት ቅጠል አንድ ላይ ስትገልጪ አይቼሻለሁ፣ የኔ ልጅ። እኔም አፍሬ ነው ዝም ያልኩሽ።»